የሆርሞን ማሟያዎችና ጤናማ እርጅና፦ ከመጀመርዎ በፊት፣ ሲወስዱና ሲያቆሙ የሚከተሉት ዝርዝር መመሪያ

ከአሜሪካ ወደ አገር ቤት ለእናትና ለአባት በሚላከው ሻንጣ ውስጥ ከልብሱና ከጫማው ጎን የቫይታሚን ብልቃጥ፣ የመገጣጠሚያ ክኒን፣ ለእንቅልፍ የሚባለው ሜላቶኒን፣ አንዳንዴም «እርጅናን ያዘገያል» ተብሎ የሚሸጠው ዲኤችኢኤ ይገኛል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ቫይታሚኖች ሳይሆኑ ሆርሞኖች ናቸው። በአሜሪካ ከቫይታሚን ጋር በአንድ መደርደሪያ ላይ የተቀመጡት ሳይንስ ስላዘዘ ሳይሆን በ1994 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የወጣው የምግብ ማሟያዎች ሕግ ስለፈቀደ ነው፤ ሕጉ አምራቹ ምርቱን ለገበያ ከማቅረቡ በፊት ፍቱንነቱን ለመንግሥት እንዲያረጋግጥ አያስገድደውም። በእንግሊዝ ሜላቶኒን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሸጥም፤ በካናዳም ዲኤችኢኤ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ንጥረ ነገሮች አንዱ ነው።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ለራሱ ለመውሰድ ወይም ለወላጁ ለመላክ ለሚያስብ ሰው ነው። በሁሉም ደረጃዎች ውስጥ የማይለወጠው መነሻ ሐሳብ፣ ዕድሜ ሲገፋ የአንድ ሆርሞን መጠን መቀነሱ ብቻውን በሽታ አይደለም የሚለው ነው። ሆርሞን የሚታዘዘው ስም ላለው ችግር እንጂ ለዕድሜ ቁጥር አይደለም።

ደረጃ 1፦ በቤት ያለውን ሁሉ አውጥቶ መመዝገብ

በሐኪም የታዘዘውን፣ ከፋርማሲ በራስ ፈቃድ የተገዛውን፣ ከውጭ የመጣውን፣ የባህል መድኃኒቱንም ጭምር ጠረጴዛ ላይ ያውጡና የእያንዳንዱን ስም፣ በአንድ ክኒን ያለውን መጠን፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወሰድና ከመቼ ጀምሮ እንደሚወሰድ በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ። የብልቃጡን ፊት ሳይሆን ጀርባውን ያንብቡ፤ ከፊት በትልቁ የተጻፈው መጠን ብዙ ጊዜ የሁለት ወይም የሦስት ክኒን ድምር ነው። የብዙ ንጥረ ነገሮችን ስም ደርድሮ የሁሉንም ድምር ብቻ የሚገልጽ፣ የእያንዳንዱን መጠን ግን የማይናገር «ልዩ ቅይጥ» ካጋጠመዎት፣ ምን ያህል እየወሰዱ እንደሆነ ማንም ሊነግርዎ ስለማይችል ያንን ምርት ወደ ጎን ማድረጉ ይሻላል።

በዚህ ፍተሻ ላይ በተለይ ሁለት ነገሮችን ይፈልጉ። የመጀመሪያው ለፀጉርና ለጥፍር የሚወሰደው ባዮቲን ነው። አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 30 ማይክሮ ግራም ገደማ ሲሆን፣ በገበያ ያሉት ክኒኖች ግን 5,000 ወይም 10,000 ማይክሮ ግራም ይይዛሉ። ይህ መጠን ሰውየውን ባይጎዳው እንኳ የላቦራቶሪ ምርመራን ያሳስታል፦ ጤናማ ታይሮይድ (አንገት ላይ ያለ ዕጢ) ያለውን ሰው ከመጠን በላይ የሚሠራ ታይሮይድ ያለው ሊያስመስለው፣ የልብ ጡንቻ ጉዳትን የሚያሳየውን ምርመራም በሐሰት ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2017 ስለዚሁ ጉዳይ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል።

ሁለተኛው ከዚህ የከፋ ነው። ለጉልበትና ለወገብ ሕመም «ተፈጥሯዊ» ተብለው ከሚሸጡ ምርቶች አንዳንዶቹ በመለያቸው ላይ ያልተጻፈ ዴክሳሜታዞን ይዘው ተገኝተዋል፤ በ2022 ይኸው መሥሪያ ቤት አርትሪ ኪንግ ስለተባለው ምርት ሕዝቡን ያስጠነቀቀው በዚህ ምክንያት ነው። ዴክሳሜታዞን ኃይለኛ የስቴሮይድ ሆርሞን ነው። ሕመሙን በሁለት ቀን ያጠፋዋል፣ ምግብ ይከፍታል፣ ፊትን ሞላ ያደርጋል፤ ዘመድም «ተስማማቸው» ይላል። በውስጥ በኩል ግን ስኳርንና ደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ አጥንትን ያሳሳል፣ ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎችም ኮርቲሶል የተባለውን የራሳቸውን ሆርሞን ማምረት እንዲያቆሙ ያደርጋል። በአንድ ሳምንት ውስጥ «ተአምር» የሠራ የመገጣጠሚያ ክኒን ሊመሰገን ሳይሆን ሊመረመር ይገባዋል። ለወራት ሲወሰድ ከቆየ ደግሞ በራስ ውሳኔ በአንድ ቀን ማቆም አደገኛ ስለሆነ፣ ብልቃጡን ይዞ ሐኪም ዘንድ መሄድ የግድ ነው።

ደረጃ 2፦ ቅሬታውን በስሙ መጥራት

«ደከመኝ»፣ «አቅም አጣሁ»፣ «አረጀሁ» የሚሉት ቃላት ለምርመራ በቂ አይደሉም። ድካሙ ከእንቅልፍ ሲነሱ ነው ወይስ ወደ ማታ? ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራል? ክብደት ቀንሷል? እንቅልፍ የሚቋረጠው በላብ ነው፣ በሽንት ነው ወይስ በሐሳብ? ይህንን ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ በአንድ መስመር መጻፍ ሐኪሙ በአሥር ደቂቃ ቀጠሮ ሊደርስበት የማይችለውን ነገር ያሳየዋል።

ማስታወሻው ሌላም ጥቅም አለው። በ1889 ብራውን ሴካር የተባለ በፓሪስ ይሠራ የነበረ ታዋቂ የፊዚዮሎጂ ሊቅ፣ በ72 ዓመቱ ከእንስሳት የዘር ፍሬ የተጨመቀ ፈሳሽ ራሱን ወግቶ ጉልበቱና አእምሮው እንደታደሰ ለሊቃውንት ጉባኤ አስታወቀ። ፈሳሹ በውሃ የተዘጋጀ በመሆኑ ለውጥ ሊያመጣ የሚችል የሆርሞን መጠን ሊኖረው እንደማይችል ዛሬ ይታወቃል፤ ሊቁም ከአምስት ዓመት በኋላ አረፈ። እንዲህ ያለ ሰው በተስፋው ከተታለለ፣ ሌላው ሰው ከመጀመሩ በፊት የነበረበትን ሁኔታ በጽሑፍ ሳያስቀምጥ «ረድቶኛል» ወይም «አልረዳኝም» ለማለት ይቸገራል።

በእርጅና የሚመጣ ድካም ሆርሞን ከመጠርጠሩ በፊት መታየት ያለባቸው መንስኤዎች አሉት፦ ደም ማነስ፣ ስኳር፣ የልብ ድካም፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድብርት፣ በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ መቋረጥ፣ የሚወሰዱት መድኃኒቶች ራሳቸው። ከእነዚህ ብዙዎቹ በሆርሞን ክኒን ሊሸፈኑ ይችሉ ይሆናል እንጂ አይድኑም።

ደረጃ 3፦ ትክክለኛውን ምርመራ በትክክለኛው ሰዓት

«የሆርሞን ሙሉ ምርመራ» የሚባለውን ዝርዝር በጅምላ ማሠራት ገንዘብ ያስወጣል፣ ጥርጣሬም ያበዛል። ምርመራው የሚመረጠው በደረጃ 2 ከተጻፈው ቅሬታ ተነሥቶ ነው። ባዮቲን የሚወስድ ሰው ለላቦራቶሪው ነግሮ፣ ሐኪሙ በሚወስነው መሠረት ከምርመራው በፊት ቢያንስ ለሁለት ቀን ማቆም አለበት።

ቴስቶስትሮን የተባለው የወንድ ሆርሞን በጠዋት ከፍ፣ ከሰዓት በኋላ ዝቅ ስለሚል ደሙ ጠዋት በባዶ ሆድ ይወሰዳል፤ ዝቅ ብሎ ከተገኘም በሌላ ቀን ጠዋት ሳይደገም ሕክምና አይጀመርም። ሰውየው በሌላ ሕመም ተኝቶ ሳለ የተሠራ ምርመራ አይታመንም። ከ45 ዓመት በላይ ሆና የወር አበባዋ የተዛባና ድንገተኛ ሙቀት የሚሰማት ሴት ማረጥ መጀመሯን ለማወቅ በአብዛኛው የሆርሞን ምርመራ አያስፈልጋትም፤ ምልክቶቹ ይበቃሉ። የእድገት ሆርሞን ደግሞ ወደ ደም የሚለቀቀው በየጊዜው በማዕበል ስለሆነ አንድ ጊዜ የተለካ ቁጥር ትርጉም የለውም።

ደረጃ 4፦ ስለ እያንዳንዱ ሆርሞን የሚታወቀውን መለየት

ኤስትሮጅን። ከሁሉም በላይ ጥቅሙ የተረጋገጠው ይህ የሴቶች ሆርሞን ነው፤ የሚያሳዝነው ግን በሚገባቸው ሴቶች ዘንድ ሳይቀር በጣም የሚፈራው እሱ ነው። ፍርሃቱ የመጣው በአሜሪካ 16,608 ሴቶች የተሳተፉበትና ኤስትሮጅንን ከፕሮጄስቲን (ፕሮጄስትሮን ከተባለው ሆርሞን ጋር ከሚመሳሰል መድኃኒት) ጋር የፈተነው ትልቅ ጥናት በ2002 ከጊዜው በፊት በመቆሙ ነው። በዓመት ከ10,000 ሴቶች መካከል 8 ያህል ተጨማሪ የጡት ካንሰር፣ 8 ተጨማሪ ስትሮክ፣ 7 ተጨማሪ የልብ ሕመም ተመዘገበ፤ በአንጻሩ የዳሌ አጥንት ስብራት በ5፣ የአንጀት ካንሰር በ6 ቀነሰ። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የተሳታፊዎቹ አማካይ ዕድሜ 63 እንደነበረ ነው፤ ማለትም አብዛኞቹ ካረጡ ብዙ ዓመት ሆኗቸው ነበር። ከ60 ዓመት በታች ለሆነች ወይም ካረጠች አሥር ዓመት ላልሞላት፣ ድንገተኛው ሙቀትና የሌሊት ላብ ኑሮዋን ላወከባት ጤናማ ሴት ጥቅሙ በአብዛኛው ከጉዳቱ ያመዝናል። ማሕፀኗ ያልወጣ ሴት ኤስትሮጅንን ብቻውን ብትወስድ የማሕፀን ግድግዳ ካንሰር ስጋት ስለሚጨምር ፕሮጄስትሮን አብሮ ይታዘዛል። በቆዳ ላይ የሚለጠፈው ወይም የሚቀባው ዓይነት ከክኒኑ ይልቅ ደም የማርጋት ስጋቱ ዝቅተኛ ነው። የጡት ካንሰር ያለባት ወይም የነበረባት፣ ስትሮክ ወይም የደም መርጋት የገጠማት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ደም የሚፈሳት ሴት ግን መጀመር የለባትም። ችግሩ የብልት ድርቀትና ተደጋጋሚ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ብቻ ከሆነ በቦታው የሚደረግ አነስተኛ መጠን ያለው ኤስትሮጅን ይበቃል፤ እናቶቻችን አፍረው የሚደብቁት ቅሬታ ስለሆነ ሴት ልጅ ወይም ነርስ ቀድማ ብትጠይቅ መልካም ነው።

ቴስቶስትሮን። ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ መጠናቸው ዝቅ ያለ 790 ወንዶችን ያካተቱት ጥናቶች ውጤት ከ2016 ጀምሮ ሲወጣ፣ የፍትወት ፍላጎት በመጠኑ ተሻሻለ፣ የአጥንት ጥንካሬና የደም መጠንም ጨመረ፤ የማስታወስ ችሎታ ግን አልተሻሻለም። በ2023 የታተመውና ለልብ ሕመም የተጋለጡ ከ5,000 በላይ ወንዶችን ያካተተው ጥናት ውጤት ልብን በሚመለከት እንደተፈራው አልሆነም፤ ማለትም ድንገተኛ የልብ ሕመምና ስትሮክ በግልጽ አልጨመሩም። ነገር ግን የልብ ምት መዛባት፣ ወደ ሳንባ የሚሄድ የደም መርጋትና የኩላሊት ጉዳት በዛ ብለው ታይተዋል። እንግዲህ ምልክትም፣ ሁለት ጊዜ ዝቅ ያለ የጠዋት ውጤትም ላለው ሰው ሕክምና ነው፤ ሆዱ ለገፋና እንቅልፍ ላነሰው ሰው ግን ክብደት መቀነስ ራሱ ቴስቶስትሮኑን ከፍ ያደርግለታል። ሌላ ልጅ መውለድ የሚፈልግ ወንድ የወንድ ዘር ምርቱን ስለሚያቋርጥበት ሊወስደው አይገባም። በቆዳ የሚቀባውን የሚጠቀም አያት ደግሞ እጁን በሳሙና ይታጠብ፣ የተቀባውን ትከሻ በልብስ ይሸፍን፤ የልጅ ልጁን ባዶ ትከሻው ላይ ቢያስተኛት ቅባቱ ወደ ሕፃኗ ቆዳ ተላልፎ ያለ ዕድሜዋ የጉርምስና ምልክት ሊያሳይባት ይችላል።

የታይሮይድ ሆርሞን። እጥረቱ በምርመራ ሲረጋገጥ ሌቮታይሮክሲን ዕድሜ ልክ የሚወሰድ፣ ምትክ የሌለው መድኃኒት ነው። ነገር ግን የምርመራው ቁጥር በጥቂቱ ብቻ ከፍ ያለባቸው፣ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 737 ሰዎች የተሳተፉበት በ2017 የታተመ ጥናት፣ መድኃኒቱ ድካማቸውን እንዳልቀነሰላቸው አሳይቷል። ከመጠን ያለፈ ሲሆን ደግሞ በአረጋውያን ላይ የልብ ምት መዛባትንና የአጥንት መሳሳትን ያመጣል፤ ስለዚህ «ለክብደት መቀነሻ» መውሰድ ፈጽሞ አይገባም። አወሳሰዱ ከቤታችን ልማድ ጋር ይጋጫል፦ ክኒኑ በባዶ ሆድ በውሃ ብቻ ተውጦ ከቁርስም ከቡናም በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ መጠበቅ አለበት። ጀበናው ተጥዶ አቦሉ እየተቀዳ ክኒኑን በቡና ማውረድ ወደ ደም የሚገባውን የመድኃኒት መጠን ይቀንሳል፤ ከዚያ ሐኪሙ መጠኑን ይጨምራል፣ በሽተኛዋ ቡናውን የተወች ቀን ደግሞ ይበዛባታል። ካልሲየምና ብረት ያለባቸው ክኒኖች ከእሱ በአራት ሰዓት መራቅ አለባቸው።

ዲኤችኢኤ። በሃያዎቹ ዕድሜ ከፍተኛ ሆኖ በሰባዎቹና በሰማንያዎቹ ወደ አንድ አምስተኛ ወይም ከዚያ በታች ስለሚወርድ ለነጋዴ የተመቸ ነው። በ2006 የታተመው የማዮ ክሊኒክ ጥናት አረጋውያንን ለሁለት ዓመት ተከታትሎ በጡንቻ፣ በአካል ብቃት፣ በኢንሱሊን አሠራርም ሆነ በኑሮ ጥራት ላይ የሚረባ ለውጥ አላገኘም። ሰውነት ወደ ቴስቶስትሮንና ኤስትሮጅን ስለሚለውጠው በሴቶች ላይ የፊት ፀጉርና ብጉር ያመጣል፤ በሆርሞን የሚያድግ ካንሰር ላለበት ሰውም አይሆንም። አድሬናል ዕጢው የማይሠራ በሽተኛ በሐኪም ሊታዘዝለት ይችላል፤ ለሌላው ግን ገንዘቡን ለምግብ ቢያውለው ይበጀዋል።

የእድገት ሆርሞን። ታሪኩ የሚጀምረው በ1990 በ12 አረጋውያን ወንዶች ላይ ለስድስት ወር በተደረገ ትንሽ ሙከራ ነው። ጡንቻቸው ጨመረ፣ ስባቸው ቀነሰ፤ ማስታወቂያውም ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አላቆመም። በኋላ የተሰበሰቡት ጥናቶች የሰውነት ቅርጽ በጥቂቱ እንደሚለወጥ፣ በዚያው መጠን ግን እብጠት፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የእጅ መደንዘዝና የስኳር መዛባት እንደሚበዛ አሳዩ። በአሜሪካ ሆርሞኑን ለፀረ እርጅና ማደል ሕገ ወጥ ነው። በክኒን ወይም በሚረጭ መልክ የሚሸጠው ደግሞ ሆርሞኑ ፕሮቲን በመሆኑ በጨጓራ እንደማንኛውም ሥጋ ይፈጫል።

ሜላቶኒን። ከአሜሪካ ወደ አዲስ አበባ ተጉዞ እንቅልፉ ለተዛባበት ሰው ለጥቂት ቀናት ይረዳል፤ ለቆየ እንቅልፍ ማጣት ግን ጥቅሙ ትንሽ ነው። መጠኑ ሲበዛ የተሻለ አይሠራም፤ ከ0.5 እስከ 3 ሚሊ ግራም ይበቃል፣ 10 ሚሊ ግራሙ ሽማግሌን ጠዋት አፍዝዞ ሊጥለው ይችላል። በ2017 በካናዳ 31 ምርቶች ሲመረመሩ በውስጣቸው የተገኘው መጠን በመለያቸው ከተጻፈው በ83 በመቶ ከሚያንሰው ጀምሮ በ478 በመቶ እስከሚበልጠው ድረስ ይለያይ ነበር። ዋርፋሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይንካው።

ቫይታሚን ዲ። በስሙ ቫይታሚን፣ በሥራው ግን ሆርሞን ነው። 25,871 አሜሪካውያን በተሳተፉበት ጥናት በቀን 2,000 ዩኒት መውሰድ ካንሰርንም፣ የልብ ሕመምንም፣ ስብራትንም አልቀነሰም። ከቤት የማይወጡና እጥረት ያለባቸው አረጋውያን ግን ሊወስዱት ይገባል። መጠንቀቅ ያለብን በ50,000 ዩኒት እንክብል ነው፤ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚታዘዘውን በየቀኑ የሚወስድ ሰው በደሙ ውስጥ ካልሲየም ተከማችቶ ኩላሊቱ ሊጎዳ ይችላል።

ደረጃ 5፦ ምርቱን መምረጥና ማጓጓዝ

ማሟያ መግዛት አስፈላጊ ሆኖ ከተገኘ አንድ ንጥረ ነገር ብቻ የያዘ፣ የዩኤስፒ (USP) ወይም የኤንኤስኤፍ (NSF) ማረጋገጫ ምልክት ያለበት ብልቃጥ ይምረጡ። ምልክቱ በውስጡ ያለው ከተጻፈው ጋር እንደሚስማማ ይናገራል እንጂ ምርቱ ይጠቅማል ማለት አይደለም። ክኒኖችን አደባልቆ በአንድ ላስቲክ ጠቅልሎ መላክ ይቅር፤ በኦሪጅናል ብልቃጡና ከነመግለጫው ይሂድ። ለአንድ ሰው የታዘዘ ሆርሞን ለሌላ ሰው አይላክም፤ ቴስቶስትሮን በአሜሪካ ሕግ ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ስለሆነ መላኩ ላኪውን ሊያስጠይቅ ይችላል። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚጓዝ ሰው የማዘዣ ወረቀቱን ይያዝ፣ የአገሩንም ደንብ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ደረጃ 6፦ ሐኪም ፊት

የደረጃ 1ን ዝርዝርና የደረጃ 2ን ማስታወሻ ይዘው ይግቡ። ውጭ አገር ያለው ልጅ በስልክ የሚሰጠው ምክር ከፍቅር የመነጨ ቢሆንም የደም ግፊት አይለካም፣ ጡት አይመረምርም። ሐኪሙን «ይህን ልውሰድ ወይ?» ከማለት ይልቅ «ይህ የሚያክመው የትኛውን ችግሬን ነው? በስንት ጊዜ ለውጥ ማየት አለብኝ? ለውጥ ካላየሁ መቼ እናቆማለን? በምን እንከታተለዋለን?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ለመጀመሪያው ጥያቄ ግልጽ መልስ ካልተገኘ መጀመር አያስፈልግም።

ደረጃ 7፦ አንድ በአንድ መጀመርና መከታተል

በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ አዲስ ነገር አይጀምሩ። ሁለት ክኒን በአንድ ሳምንት የጀመረ ሰው ሽፍታ ቢወጣበት የትኛውን እንደሚያቆም አያውቅም። የተጀመረበትን ቀን ይጻፉ፣ በአነስተኛው መጠን ይነሡ። ሌቮታይሮክሲን ከተጀመረ ወይም መጠኑ ከተለወጠ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ደም ይመረመራል። ቴስቶስትሮን የጀመረ ሰው ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ የደም ውፍረቱና እንደ ዕድሜው የፕሮስቴት ምርመራው ይታያል፤ የቀይ ደም ሴል መጠኑ ከ54 በመቶ ካለፈ መድኃኒቱ ይቆማል። ኤስትሮጅን የምትወስድ ሴት ደም ግፊቷንና የጡት ምርመራዋን ትከታተላለች፣ በየዓመቱም መቀጠል እንዳለባት ከሐኪሟ ጋር ትመክራለች።

በዚህ መሃል ማንኛውም ክኒን የማይተካው ሥራ መቀጠል አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአረጋውያን በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ፣ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር፣ ሦስት ቀን ሚዛን የሚጠብቅ ልምምድ ይመክራል። ከወንበር ያለ እጅ ድጋፍ ደጋግሞ መነሣት ለጭን ጡንቻ በቂ መጀመሪያ ነው። በጾም ወራት ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላና ሱፍ በየማዕዱ ካልበረከቱ ጡንቻ ይቀንሳል፤ ለዚህ የእድገት ሆርሞን መድኃኒቱ አይደለም።

ደረጃ 8፦ ማቆምና ቶሎ ሐኪም ቤት መሄድ

ሜላቶኒንና ዲኤችኢኤ በማንኛውም ቀን ሊቆሙ ይችላሉ። ቴስቶስትሮን ሲቆም ሰውነት የራሱን ምርት መልሶ እስኪጀምር ወራት ሊፈጅ ስለሚችል በሐኪም ክትትል ይሁን። የስቴሮይድ መድኃኒቶቹ ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን ከጥቂት ሳምንታት በላይ ከተወሰዱ መጠናቸው ቀስ በቀስ ይቀነሳል እንጂ በድንገት አይቋረጡም፤ በድንገት ያቋረጠ ሰው ብርቱ ድካም፣ ማስታወክ፣ የደም ግፊት መውረድና ራስን መሳት ከታየበት ጊዜ ሳይባክን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ፣ ይወስደው የነበረውም ብልቃጥ አብሮ ይሂድ።

ሆርሞን የሚወስድ ሰው አንድ እግሩ ብቻ አብጦ ካመመው፣ ድንገት ትንፋሽ ካጠረው፣ ደረቱን ካመመው፣ ፊቱ ከተጣመመ ወይም አንደበቱ ከተሳሰረ፣ ያረጠች ሴት ዳግም ደም ካየች ቀጠሮ መጠበቅ አይገባም። የመጨረሻው ምልክት ሕመም ስለሌለው ብዙ ሴቶች ለወራት ያቆዩታል፤ ነገር ግን የማሕፀን ግድግዳ ካንሰር ገና በጅምሩ የሚታወቀው አብዛኛውን ጊዜ በእሱ ስለሆነ በዚያው ሳምንት መመርመር ያስፈልጋል።